ጣይባ ጋሊብን ያረመችበት ሐሙስ

በሀርጌሳ፣ በአሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ የራሆን ፀጉር ቤት የምታዘወትር ሴት ሁሉ አንድ ነገር ታውቃለች፤ ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን የማንም ፀጉር አይሠራም። ግማሽ ራሷ ሹሩባ የተሠራ፣ ግማሹ እንደተበተነ የቀረ ሙሽራ እንኳን ብትሆን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። በዚያች ሰዓት ሠራተኛዋ ጣይባ ማበጠሪያዋን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከትታ፣ ጀርባዋን ለመስታወቱ ፊቷን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ «ጋሊብ»ን መተርጎም ትጀምራለች።

«ጋሊብ» በአረብኛ የሚተላለፍ የወንጀል ምርመራ ድራማ ነው። ትክክለኛው ርዕሱ ረጅምና ለአፍ የማይመች ስለሆነ ሰፈርተኛው በዋናው መርማሪ ስም ይጠራዋል። ያኔ፣ በ1996 ዓ.ም. ግድም፣ ድራማው አሥራ አንደኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። መርማሪ ጋሊብ ሲጀምር ሸንቃጣ ጎልማሳ ነበር፤ አሁን ፀጉሩ ቀለም ተቀብቶ፣ ሆዱ ከኮቱ ቀድሞ በር ይገባል። ልማዱ ግን ያው ነው። ሬሳ ይገኛል፤ ጋሊብ ይመጣል፤ ስኳር የሌለው ሻይ ያዝዛል፤ ሻዩ ሳይጠጣ ይቀዘቅዛል፤ በመጨረሻ የቤቱን ሰው በሙሉ ሳሎን ሰብስቦ ጣቱን ይቀስራል። የተቀሰረበት ሰው ጥፋተኛ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳን ተሳስቶ አያውቅም።

ጣይባ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጅዳ ሄዳ ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች፤ አረብኛውን ያመጣችው ከዚያ ነው። አገሯ ተመልሳ የፀጉር ሙያ ተማረች፣ ሙሰዓብን አገባች፣ ሙሰዓብ ደግሞ ሴራሚክ አንጣፊ ስለሆነ ተያይዘው ሀርጌሳ ገቡ። ከተማዋ ከጦርነቱ ፍርስራሽ ላይ እየተነሳች ነበር። ውጭ የተበተነው ሰው እየተመለሰ ጣሪያ የሌለውን ቤቱን ይከድናል፣ የተበሳውን ግድግዳ ይለስናል፤ ወለሉ ላይ ሲደርስ ሙሰዓብን ይጠራል። ጣይባ ሱማሊኛውን በሁለት ዓመት ውስጥ ጥርት አድርጋ ለመደችው። ፀጉር የሚሠራ ሰው ቋንቋ ቶሎ ይይዛል፤ ደንበኛ እጇ ሥር ተቀምጣ አታወራም ማለት ዘበት ነው።

ፀጉር ቤቱ ራሱ ግማሽ ቤት ነው። አንድ ትልቅ የድንጋይ ቤት በጦርነቱ ጊዜ በመድፍ ተመትቶ መሃሉ ወድቆ ነበርና ራሆ አንዱን ግማሽ፣ አደር ዳሂር የሚባል ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ሌላውን ግማሽ ይዘው፣ በመሃል ቆርቆሮ ጋርደውበታል። «አደር» ማለት በሱማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ነው የሚጠራው። ወንድ ስለሆነ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ዳሩ ግን በቆርቆሮው አልፎ የማይሰማው ነገር የለም፤ እነሱም የእሱን የስፌት መኪና ትርትርታ ቀኑን ሙሉ ይሰማሉ። በወጣትነቱ የመን አገር፣ ኤደን ወደብ ላይ የመርከበኞች አስተርጓሚ ስለነበረ አረብኛውን እንደ አፍ መፍቻው ይናገራል ይባላል።

ጣይባ ስትተረጉም ዝም ብላ ቃል አታቀብልም። ባለጠጋው ሲናገር ድምጿን ታወፍራለች፣ አሮጊቷ ስትናገር ታቀጥናለች፣ በመሃል ደግሞ የራሷን ጣል ታደርጋለች። «ይሄኛው እየዋሸ ነው፤ ጫማውን እዩት፣ ጭቃ ነው» ትላለች። ሴቶቹ ይስቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የተቀመጠችዋ አልሰማሁም ብላ ትጮኻለች። ራሆ ወፍራምና ሳቂታ ሴት ናት፤ ሐሙስ ሐሙስ ከጎረቤት ወንበር ታስመጣለች።

ጉዱ የፈላው በዚያ ዓመት ጥር ላይ ነው።

ጋሊብ በሦስት ሐሙስ የሚያልቅ ጉዳይ ያዘ። አንድ ሀብታም የጌጣጌጥ ነጋዴ በቤቱ ውስጥ፣ በገዛ የመጻሕፍት ክፍሉ፣ በነሐስ ፈረስ ራሱን ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። የግድግዳው ካዝና ተከፍቷል። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሴት ልጁ፣ ቁማርተኛ አማቹ፣ አኩራፊ ወንድሙና ሊሊ የምትባል ሐበሻ የቤት ሠራተኛ ናቸው።

«ጣይባ! ያገርሽ ልጅ መጣች!» አለች ራሆ፣ በመጀመሪያው ሐሙስ።

ጣይባ ደስ አላት። ለነገሩ ሊሊ ሆና የምትሠራው ሐበሻ ለመምሰል ፊቷን በቡናማ ዱቄት የለቀለቀች አረብ ነበረች፤ አንገቷ ጋ ሲደርስ ቀለሙ ያልቃል። ቢሆንም በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እንደ ጣይባ ያለ ሰው ጋሊብ ፊት የቆመው። በዚያ ቀን ከምንጊዜውም አሳምራ ተረጎመች።

በሁለተኛው ሐሙስ ጋሊብ ሰዎቹን ሳሎን ሰበሰበ። ሻዩ ቀዝቅዟል። ከአማቹ ጀመረ፣ ወደ ወንድሙ ዞረ፣ ሴት ልጁን አየ፣ ከዚያ ጣቱ ቀስ ብሎ ወደ በሩ፣ ትሪ ይዛ ወደቆመችው ሊሊ ሄደ። የካዝናው ቁልፍ ከፍራሿ ሥር ተገኝቷል አለ። ሊሊ ትሪውን ለቀቀችው። ብርጭቆው ሲበተን ወለሉ ላይ ተደፍታ፣ ረጅም ንግግር ተናግራ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት አለች።



«ምን አለ? ምን አላት?» ሴቶቹ ከየወንበራቸው ተንጠራሩ።

ጣይባ በኋላ ስታወራው፣ አስቤበት አይደለም ትላለች። ቃሉ ብቻውን ወጣ። «ጋሊብ... ‹አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ ንጹሕ ነሽ› አላት።»

«ታዲያ ለምንድነው የምታለቅሰው?»

«ደስ ብሏት ነው።»

በዚህ መሃል ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ፖሊሶች ገብተው የሊሊን እጅ በካቴና ጠፈሩ።

«ካቴናውስ?» አለች አንዷ፣ ቢጎዲን ራሷ ላይ እንደተጠቀለለ።

«ካቴናው...» ጣይባ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞር ብላ አየች። «ካቴናው የውሸት ነው። እውነተኛው ገዳይ ተይዛለች ብሎ እንዲዘናጋ ነው። ጋሊብ በጆሮዋ ነገራት፤ አላያችሁም?»

«አይ ጋሊብ!» አለች ራሆ ጭኗን በጥፊ መትታ። «አይ ይሄ ሰውዬ! እና ገዳዩ ማነው?»

«አማችየው።»

«ብዬ ነበር!» ሦስት ሴቶች ባንድ ላይ።

ያኔ ከቆርቆሮው ወዲያ የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። አደር ዳሂር አንዴ ሳለ። ከዚያ መኪናው ቀጠለ።

ጣይባ ቤቷ ገብታ ለሙሰዓብ ስትነግረው፣ ሙሰዓብ ሲሚንቶ የነካ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ጋሊብን? ጋሊብን ዋሸሽበት?»

«አትሳቅ፣ ወላሂ ተጨንቄያለሁ።»

«በሚቀጥለው ሐሙስ ፍርድ ቤት ሲያቆሟት ምን ልትያቸው ነው? የውሸት ፍርድ ቤት ነው ልትይ ነው?»

«ምናልባት እውነትም አማችየው ሊሆን ይችላል። መጨረሻው ላይ ይገለበጥ ይሆናል።»

«ጋሊብ ነዋ ጣይቤ!» አለ ሙሰዓብ። «ጋሊብ መቼ ተገልብጦ ያውቃል?»

ወሬው ግን ሐሙስን አልጠበቀም። እሁድ ዕለት ጣይባ የፀጉር ቅባት ልትገዛ ዋሄን ገበያ ወረደች። በሰውና በሸክም መሃል እየተጋፋች ስትሄድ፣ የብር ክምር ፊቱ ደርድሮ የተቀመጠ አንድ መንዛሪና አጠገቡ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ይጨቃጨቃሉ። መንዛሪው ሠራተኛዋ ተይዛለች ይላል። ሴትዮዋ ደግሞ «ካቴናው የውሸት ነው! የራሆ ቤቷ ሐበሻ ናት የተረጎመችው፣ አንተ ከእሷ በላይ ልታውቅ ነው?» ትላለች። ጣይባ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ፣ ቅባቱንም ሳትገዛ፣ በሌላ መንገድ ተመለሰች።

ማክሰኞ ደግሞ ኒምዖ መጣች። ኒምዖ አስተማሪ ናት፤ ቀጥ ያለችና ነገር የማታሳልፍ። በሩ ላይ ጫማዋን ሳታወልቅ ጀመረች።

«ዱዓሌ፣ ወንድሜ፣ ካርቱም የተማረው፣ ገዳይዋ ሠራተኛዋ ናት ነው የሚለው። ራሷ አምናለች አለ።»

«ወንድምሽ አልሰማ ይሆናላ» አለች ራሆ።

«አራት ዓመት በአረብኛ የተማረ ሰው?»

«እሺ፣ አደር ዳሂር ይፍረድ!» ራሆ በማበጠሪያ እጀታ ቆርቆሮውን ኳኳችው። «አደር! እርስዎ እዚያ ሆነው ቴሌቪዥኑን ይሰሙታል። ማን ነው የገደለው?»

መኪናው ቆመ። ጣይባ የያዘችው የፀጉር መተኮሻ ፒያስትራ እየጋለ መሆኑን ረስታ፣ እጇ ላይ ያለው ፀጉር ሊቃጠል ምንም አልቀረውም።

«መኪናዬ ይጮኻል» አለ አደር ዳሂር ከወዲያ፣ ረጋ ብሎ። «ሁሉንም አልሰማም። ተርጓሚዋ እዚያው አጠገባችሁ አይደለችም እንዴ? እሷን ጠይቋት።»

የሁሉም ዓይን ጣይባ ላይ አረፈ።

«ሐሙስ...» አለች ጣይባ። «ሐሙስ እናያለን።»

ያን ቀን ሥራዋን ስትጨርስ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ዞራ አደር ዳሂር በር ላይ ቆመች። ሽማግሌው ደጃፉ ላይ በቀረችው ብርሃን አንድ ሱሪ እጥፋቱን በእጁ ይሰፋል። ቀና ብሎ አየና በርጩማ በእግሩ ገፋ አደረገላት።

«ሰምተዋል» አለች ጣይባ።

«ሰምቻለሁ። ልጅቷ አሥር ደቂቃ ሙሉ ገደልኩት ስትል፣ አንቺ አሥር ደቂቃ ሙሉ እግዜር ይስጥልኝ ስታሰኚያት ነበር።» ጢሙ ውስጥ ፈገግ አለ። «መጥፎ ትርጉም አልነበረም። የሌላ ድራማ ነበር እንጂ። ለምን እንዲያ አደረግሽ?»

ጣይባ ለሙሰዓብም በደንብ ነግራው የማታውቀውን ነገር ያን ቀን ተናገረች። ጅዳ አምስተኛ ዓመቷን እንደያዘች የእመቤቷ የወርቅ አምባር ጠፋ። ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ስምንት ሰዎች ናቸው፤ የተጠየቀችው ግን እሷ ብቻ ናት። ሻንጣዋን ወለል ላይ ዘረገፉት፣ ፍራሿን በቢላ ቀደዱት። ሦስት ቀን ከጓዳ እንዳትወጣ ተደረገች። በአራተኛው ቀን አምባሩ ከሶፋው ትራስ ሽፋን ውስጥ፣ ራሷ እመቤቲቱ ቀን የምትተኛበት ቦታ ተገኘ። ማንም ምንም አላላትም። «ተነሺ፣ እራት ሥሪ» ብቻ ነው ያሏት።

«እሱ አይደለም ያናደደኝ» አለች ጣይባ። «እኔ ራሴ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ወስጄ ይሆን እንዴ ብዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር።»

አደር ዳሂር መርፌውን ሱሪው ላይ ሰክቶ ሥራውን አቆመ። እንዲህም አላት፦ «ኤደን ሳለሁ አንድ መርከበኛ ካፒቴኑን ክፉኛ ሲሰድበው፣ ጠብ እንዳይነሳ ብዬ አለሳልሼ ተረጎምኩ። ካፒቴኑ ይቅርታ የጠየቀው መሰለውና አቅፎት ሊስመው ሄደ። መርከበኛው ደግሞ ሊመታኝ ነው ብሎ ቀድሞ መታው። ሁለት ጥርስ።» ጣይባ ሳትወድ ሳቀች። «ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ለመድኩ። መጀመሪያ ሰውየው ያለውን እናገራለሁ። ከዚያ የራሴን ማለት ካማረኝ፣ ይሄ የኔ ነው ብዬ እናገራለሁ። አትቀላቅይው ልጄ። የሚሰማሽ ሰው ያንቺውንም ይፈልገዋል፤ ግን ያንቺ መሆኑን ይወቅ።»

ሐሙስ ደረሰ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ መርፌ መጣያ የለም። ወንበር ያጡት ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ኒምዖ ከፊት፣ እጇን አጣምራ። ከኢትዮጵያውያንም መጥተዋል፤ ከእነሱ አንዷ በአንድ ዲፕሎማት ቤት ልጆች የምትጠብቀው ሐዊ ነበረች፣ ሱማሊኛው ገና ስለማይገባት ጣይባ መሃል መሃል ላይ በአማርኛ ትደግምላታለች። ጣቢያው ሦስተኛውን ክፍል ከማሳየቱ በፊት የሁለተኛውን መጨረሻ ሊደግም ነው። ጣይባ ከመጀመሩ በፊት ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች።

«ባለፈው ሐሙስ ዋሽቻችኋለሁ» አለች።



«ጋሊብ ንጹሕ ነሽ አላላትም። አንቺ ነሽ ነው ያላት። እሷም አምናለች። ካቴናው የእውነት ነው። እኔ ነኝ የቀየርኩት።»

«ብዬ ነበር!» ብላ ኒምዖ ብድግ አለች። ሌላዋ «ለእናቴ ሳይቀር ነግሬያታለሁኮ!» ብላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አንዷ መሳቅ ስትጀምር ሌላዋ ትቆጣታለች። ራሆ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች፤ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ውሸቱ ካቴና ለመንደሩ ስትሰብክ የከረመችው እሷ ናትና። «ለምን አባዮ?» አለች በመጨረሻ። አባዮ እህቴ ማለት ነው፤ ራሆ ስትቀየምም ስትወድም በዚሁ ቃል ነው የምትጠራት።

«መጀመሪያ እሱ ያለውን እንደዚያው ልተርጉምላችሁ። ከዚያ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።»

ድግሙ ጀመረ። ጣይባ በዚህ ጊዜ ድምጿን አላወፈረችም፣ አላቀጠነችም። ቃል በቃል አቀበለች። ሊሊ ተደፍታ አመነች፤ ካቴናው ገባ፤ ማስታወቂያ ሆነ። ጣይባ ሪሞቱን አንስታ ድምፁን ዘጋችው።

«አሁን ደግሞ የኔ ነው» አለች። «ይሄ ክፍል መጥፎ ነው። የጻፈው ሰው ሠራተኛ ያለችበት ቤት ኖሮ ይሆናል፤ ሠራተኛ ሆኖ ግን አያውቅም። ቁልፉ ከፍራሿ ሥር ተገኘ ተባለ። እናንተ፣ ሠራተኛ ፍራሽ የራሷ ይመስላችኋል? የኔዋ እመቤት በየሳምንቱ ዓርብ ፍራሼን ገልብጣ ታየው ነበር። ቤቱ ውስጥ ዕቃ የማትደብቅበት አንድ ቦታ ቢኖር ፍራሿ ሥር ነው። ሌባ ብትሆን እንኳን ሩዙ ውስጥ ነው የምትከተው፤ ሩዙን ከእሷ በቀር የሚነካ የለማ!»

«እውነቷን ነው» አለች ከኋላ አንድ ሴት፣ ፈርጠም ብላ።

«ሁለተኛ፣ ሟቹ የተመታው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው ተብሏል። ከግድያው በኋላ ጋሊብ ጓዳ ሲገባ ምን አየ? ግማሹ ታጥቦ ግማሹ አረፋ ውስጥ የቀረ የምሳ ዕቃ ክምር። ያን ሁሉ የምታጥብ ሴት ክንዷ እስከ ክርኗ አረፋ ነው። የነሐሱ ፈረስ ላይ ግን ጠብታ ውኃ የለም፤ አቧራውን እንኳን አሳይተውናል። ጋሊብ በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን ዕቃ አጥቦ ቢሆን ኖሮ እዚያው ላይ ይለቃት ነበር።»

ሳቅ ሆነ። ጣይባም ሞቅ አላት፤ ማበጠሪያዋን ከኪሷ አውጥታ እንደ ጋሊብ ጣት ትቀስረው ጀመር።

«ሦስተኛ፣ ያ ኑዛዜ! ሰማችሁት? እንደ ዜና አንባቢ ነው የተናገረችው። እዚያ ቤት ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው ተብሏል። በሁለት ዓመቴ እኔ የማውቀው አረብኛ ‹አምጪ›፣ ‹ውሰጂ›፣ ‹አጥቢ›፣ ‹ቶሎ› ነው። ገደልኩ የሚለውን ቃል ማን ያስተምራታል? አልወሰድኩም የሚለውን እንኳን እኔ በአምስተኛ ዓመቴ አምባር ጠፋ ብለው ሲጠይቁኝ አጥቼው፣ ራሴን ብቻ ነው የነቀነቅኩት።» ማበጠሪያዋን ዝቅ አደረገች። «የመጨረሻው። ሊሊ የሚባል ስም እኔ አገር የለም ማለት ይቻላል። እመቤቷ ናት ያወጣችላት። እኔንም ሰባት ዓመት ሱሱ ነበር የሚሉኝ። ጋሊብ የገዳዩን ጫማ ቁጥር ይጠይቃል፣ የሲጋራውን ዓይነት ይጠይቃል። ስምሽ ማነው ብሎ ግን አልጠየቃትም። ይሄን ሁሉ ትቶ ጣቱን ቀሰረ። ስለዚህ ለኔ ጋሊብ ተሳስቷል። አለቀ።»

ከዚያ ከቆርቆሮው ወዲያ ሦስት ጊዜ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ፤ አደር ዳሂር በመቀሱ ነው። ቤቱ ባንድ ጊዜ ተናጋ። ራሆ ተነስታ ጣይባን ስታቅፋት ካስኩን በክርኗ ገፋችውና ውስጡ ያለችዋ ሴት ኡኡ አለች። ኒምዖ እጇን ፈትታ፣ «ባለፈው ብትነግሪን ምን ነበረበት?» አለች፤ ግን ቁጣው ወጥቶላት ነበር።

ሦስተኛው ክፍል ተጀመረ። ጣይባ በታማኝነት ተረጎመችው። አማችየው ነጻ ሆኖ ወጣ፤ ሊሊ ላይ አሥራ አምስት ዓመት ተፈረደ፤ ጋሊብ በመስኮት ወደ ባሕሩ እያየ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሴቶቹ ዳኛውን በሱማሊኛ ሊወርዱበት የሚችሉትን ያህል ወረዱበት።

«ይሄማ ዝም አይባልም» አለች ኒምዖ። «ደብዳቤ እንጻፍላቸው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጣይባ በቆርቆሮው ወዲህ ሆና ስትናገር፣ አደር ዳሂር በቆርቆሮው ወዲያ ሆኖ በኤደኑ ሸጋ አረብኛ ጻፈ። ሦስት ገጽ ሆነ። ስለ ፍራሹ፣ ስለ ዕቃው፣ ስለ ቋንቋው፣ ስለ ስሙ። አደር ዳሂር መጨረሻ ላይ «የስፌቱን ነገር ልጨምር? የጋሊብ ኮት ትከሻው ተጣሟል፤ ሻይ ቤት ባየሁት ቁጥር ዓመት ሙሉ ሲያናድደኝ ነበር» ብሎ የራሱን አንድ መስመር አስገባ። ሃያ ሦስት ሴቶች ፈረሙበት፤ ወደ ዱባይ የሚሄድ ኢጋል የሚባል ነጋዴ ይዞት ሄደ።

አራት ወር አለፈ። አንድ ቀን ኢጋል ራሱ ቡናማ ፖስታ ይዞ መጣ። ራሆ በሩን ዘጋች፣ ጣይባ እጇን ታጠበች፣ ፖስታው ተቀደደ። ውስጡ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነበር፤ ጋሊብ ኮቱን ለብሶ፣ ትከሻው እንደተጣመመ፣ ፈገግ ብሎ። ከሥሩ የታተመ ጽሑፍ ነበረበት።

«ምን ይላል? እንደዚያው ተርጉሚ!» አለች ራሆ።

ጣይባ አነበበች። «‹ለውድ አድናቂዬ፣ ለፍቅርህ አመሰግናለሁ።›»

«ፍቅር?» አለች ኒምዖ። ሁሉም ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው ራሆ ናት፤ ከዚያ ማቆም አልተቻለም። ፎቶው መስታወቱ ጥግ ላይ ተሰካና፣ ፀጉሯ ያላማራት ደንበኛ ሁሉ «ጋሊብ ነው የሠራኝ» እያለች መቀለጃ አደረገችው።

ደብዳቤውን ማንም አላነበበውም። የጣይባ አስተያየት ግን ቀረ ማለት አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ መጀመሪያ ትተረጉማለች፤ ሲያልቅ ድምፁን ትዘጋና «አሁን የኔ ነው» ትላለች። ለትርጉሙ ሳይሆን ለዚያ አሥር ደቂቃ ብለው የሚመጡ በዙ። ዱዓሌ ሳይቀር በአደር ዳሂር በኩል እየገባ፣ ከቆርቆሮው ወዲያ ሆኖ ይከራከራት ጀመር፤ አንዳንዴም ያሸንፋታል።

ከእነዚህ ሐሙሶች በአንዱ ሐዊ ሌሎቹ እስኪሄዱ ቆይታ ጠጋ አለች። ወደ አረብ አገር ልትሄድ ወረቀቷን ጨርሳ ነበር።

«እቴ ጣይባ፣ ሌላ ስም ሲያወጡልሽ ምን ትያቸው ነበር?»

«አቤት ነበር የምላቸው። ሰባት ዓመት» አለች ጣይባ። «አንቺ ግን በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ሻንጣሽን ሳታስቀምጪ ንገሪያቸው። ሐዊ ነኝ በያቸው። ስሜ ነው፣ ዕቃዬ ነው፣ አልወሰድኩም። እነዚህን ሦስቱን በአረብኛ ከነአነጋገሩ ሳትለምጂ ከዚህ አትሄጂም።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ፀጉሯን እየሠራቻት፣ አስጠናቻት። ጣይባ እመቤት ሆና ትጮኽባታለች፤ ሐዊ ቀና ብላ ትመልሳለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድምጿ አይሰማም ነበር። በመጨረሻው ቀን አደር ዳሂር በቆርቆሮው ወዲያ «ሰምቻለሁ፣ ሰምቻለሁ! አልወሰድሽም!» ብሎ እስኪጮኽ ድረስ ከፍ አለ። ሐዊ ሄዳ ከወር በኋላ ደወለች። ስሟን በመጀመሪያው ቀን ነግራቸዋለች፤ ሐዊ ማለት ግን አልሆነላቸውም። ሀዋ ነው የሚሏት።

«ቀርቧል» አለች ጣይባ። «አትተዪያቸው፣ በየቀኑ አርሚያቸው።»

ጋሊብ ሌላ ሁለት ዓመት ቆየና ጡረታ ወጣ። ድራማው ያለቀ ዕለት ራሆ ቤቱ ሐዘን የገባበት መሰላት። በሚቀጥለው ሐሙስ ሪሞቱን ይዛ ጣቢያ ስታገላብጥ፣ በሕንድኛ የሚተላለፍ አንድ የወንጀል ድራማ አገኘችና እዚያው ተወችው። አሥር ሰዓት ሆኗል። ሴቶቹ ፀጉራቸው እንደተከፈለ ወንበራቸውን አዞሩ፤ ሁሉም ጣይባን ያያሉ።

«እኔን አትዩኝ» አለች ጣይባ። «ሕንድኛ አልችልም። አንዲት ቃል አላውቅም።»

«ትርጉሙ ይቅር አባዮ» አለች ራሆ፣ ወንበር እየገፋችላት። «ያንቺን ብቻ ንገሪን።»

ጣይባ ማበጠሪያዋን ኪሷ ከተተች፤ ተቀመጠች፤ ዓይኗን አጥብባ ለትንሽ ጊዜ አየች።

«ያቺ ባለ ቀይ ቀሚሷ» አለች፣ «በሩን ስትከፍት ማን ነው ብላ አልጠየቀችም። አላማረኝም።»